ሐኪሙን ከሾማችሁት በኋላ ማን ያየዋል? ለጎጃም ሆስፒታሎች ቦርዶች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በጎጃም ለምትገኙ የሆስፒታል ሥራ አመራር ቦርዶችና የዞን ጤና መምሪያዎች
ጉዳዩ፦ በሥራ ላይ ያሉ ሐኪሞችን በኮቺንግና በግብረ መልስ ለመሪነት ስለማብቃት

ክቡራንና ክቡራት፤

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም ብሏል። ዱቲ ላይ ያለው ኢንተርንነቱን ከጨረሰ ዓመት ያልሞላው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ደም የሚያቆመው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ስንት ዩኒት እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ማኅፀን እንዴት እንደሚታሽም ያውቃል። ተምሮታል፣ ተፈትኖበታል። ያልተማረው ሌላ ነው። አዋላጇን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውንና የአምቡላንስ ሹፌሩን ማንን ምን ብሎ እንደሚያዝ፣ ከእሱ የበለጠ እናት ያዋለደችውን አንጋፋ አዋላጅ ሳያፍር እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የሚልበትን ደቂቃ በምን እንደሚለይ፣ በር ላይ የቆሙትን ቤተሰቦች ማን እንደሚያናግር አልተማረም። አመራር ማለት ይኸው ነው፤ ለመሥራትም ማኅተምና ወንበር አይጠይቅም።

ይህንኑ ሐኪም ከጥቂት ወራት በኋላ ሜዲካል ዳይሬክተር አድርጋችሁ ትሾሙት ይሆናል። ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ መሾም ግድ ነው። ደብዳቤው በአንድ ቀን ይደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ አጠገቡ ቆሞ ሲመራ የሚያየው፣ ያየውንም የሚነግረው ሰው አይኖርም። በቀዶ ሕክምና ቢሆን ይህን ማንም አይፈቅድም፤ ጀማሪ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ሲኒየር ሳይቆምለት ሆድ አይከፍትም። ሃምሳ ሠራተኛ መምራትን ግን ብቻውን ይሞክረው ብለን እንተወዋለን።

የምንጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ግብረ መልስን ከግምገማ ለዩልን። በዱቲ፣ በዋርድ፣ በኬዝ ቲም (የሥራ ክፍል ቡድን) ወይም በዳይሬክተርነት ሌላውን ለሚመራ ሐኪም ደግሞ ለ6 ወር ኮች መድቡለት። ሁለቱም ከብር ይልቅ ሰዓት ነው የሚፈልጉት፤ ሰዓቱንም ከታች አስልተነዋል።

ቃሉ እንዳያደናግር እዚህ ላይ እንነጋገር። ኮች በአማርኛ አሠልጣኝ ሲባል የእግር ኳሱም፣ በሆቴል አዳራሽ ስላይድ የሚያሳየውም ይታሰበናል። ሜንተር ከራሱ ልምድ እየጠቀሰ መንገድ የሚያሳይ ታላቅ ነው። ኮች ሐኪሙ ያመጣውን ጉዳይ በጥያቄ እያገላበጠ፣ ሐኪሙ ራሱ ቀጣዩን እርምጃ ይዞ እንዲወጣ የሚያግዝ ሰው ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ እስካሁን በብዛት የሰጠነው ግን የመጀመሪያውን ነው። አምስት ቀን አዳራሽ፣ አበል፣ የምስክር ወረቀት፤ ከዚያ ባነሩ ይወርዳል፤ ሰኞም ሞርኒንጉ (የጠዋቱ የሥራ ስብሰባ) እንደ ቀድሞው ዓርብ ሞርኒንግ ይካሄዳል። ትምህርቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ ሐኪሙ የተማረውን ሲሞክር የሚያየው ስለሌለ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በቅኔ ቤት፣ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ ወይም ዲማ፣ ተማሪው ንግግር ሰምቶ ብቻ ባለቅኔ አይሆንም። ቀን ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያሰናዳል፤ የቆጠረውን ለአስነጋሪው (ቅኔውን ሰምቶ ለሚያርመው ታላቅ ተማሪ) ወይም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም «ጎበዝ» ብሎ አያሳልፈውም፣ «አትረባም» ብሎም አያባርረውም፤ ቤቱ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰበትን ቃል ነጥሎ ያርምለታል። ተማሪው በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ባለሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ሳይቀናው ወደ ባለስምንቱ መወድስ የሚዘል የለም። እኛ ለሐኪሞች የምንጠይቀው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ግምገማ የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ከዕድገት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ድክመቱን አምኖ የሚናገር ሰው ራሱን ይጎዳል፤ ስለዚህ ማንም አይናገርም። የሂስና የግለ ሂስ መድረክ ትዝታም ገና አልጠፋም፤ «አስተያየት አለኝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ስንቱ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። በሌላ በኩል ይሉኝታ አለ። አዋላጇ ለሐኪሙ፣ ሐኪሙም ለሲኒየሩ ያየውን በቀጥታ አይነግረውም፤ ቢነግረውም ሻይ ላይ በቀልድ ጠቅልሎ ነው። ሰሚው በሰሙ ይስቅና ወርቁን ጥሎት ይሄዳል። ለቅኔ ያማረው ለደም መፍሰስ አይሆንም።

ግብረ መልስ ሁሉ ይጠቅማል ማለታችንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ600 በላይ የጥናት ውጤቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም፣ ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ሥራውን ይበልጥ አበላሽቶት አገኙ። ማብራሪያቸው ቀላል ነው፤ የሰሚው ሐሳብ ከሥራው ላይ ተነሥቶ ወደ ራሱ ማንነት ሲዞር ሥራው ይጎዳል። «ግዴለሽ ነህ» የተባለ ሐኪም ቀኑን ሙሉ ግዴለሽ አለመሆኑን ለራሱ ሲያስረዳ ይውላል። «ስም ሳትጠራ አዘዝክ» የተባለው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስም ሊጠራ ይችላል።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። እናትየው ተርፋለች። ጠዋት ከሞርኒንግ በፊት፣ አብሮት ያደረው የሰመመን ባለሙያ ሐኪሙን እንዲህ ያናግረዋል፦

«ዶክተር፣ ስለ ሌሊቷ እናት አምስት ደቂቃ እናውራ? አሁን ይመችሃል ወይስ ከራውንድ በኋላ?»

«አሁን ይሁን።»

«አንተ እንዴት አየኸው?»

«ደሙ ዘገየብን።»

«አዎ። 8 ሰዓት ከ10 ላይ ‹ደም ይምጣ› አልክ። ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን፤ ስም ግን አልጠራህም። እኔ ሲስተር የሄደች መሰለኝ፣ እሷም እኔ የሄድኩ መስሏታል። ላቦራቶሪ የሰማው 8 ሰዓት ከ25 ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ምን ብትል ይሻላል?»

«‹ሲስተር፣ አንቺ ላቦራቶሪ ሂጂ፤ ስትመለሺ ንገሪኝ› ማለት ነበረብኝ።»

«በቃ፣ በሚቀጥለው ዱቲ ይህችን አነጋገር ብቻ ሞክራት። ሐሙስ እጠይቅሃለሁ።»

አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የሰመመን ባለሙያው አንዷን ጉድለት በሰዓትና በተባለ ቃል አስቀመጠ፤ ያስከተለውን 15 ደቂቃ አሳየ፤ መፍትሔውን ለባለቤቱ ተወለት። «ተደናግጠህ ነበር» አላለም፤ ድንጋጤ በውስጥ ያለ ነገር ነው፣ አይታይም፣ ክርክር ብቻ ያስነሣል። ሌላም ሦስት ስሕተት አይቶ ይሆናል፤ አላነሣውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው ከአንድ በላይ አይሸከምም። «ሐሙስ» ያላትን ቃል ደግሞ ልብ በሉልን። ቀጠሮ የሌለው ግብረ መልስ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ግብረ መልስ ከድርጊቱ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሰጥ፤ ሳምንት ካለፈው ሁለቱም የሚያስታውሱት የየራሳቸውን ታሪክ ነው። ሕመምተኛው ከሞተ ግን ሐኪሙ በልቶ ተኝቶ እስኪነሣ ቆዩ። ወቀሳን በሁለት ሙገሳ መካከል ሸጉጦ መስጠት እንደ ጥበብ ሲነገር እንሰማለን፤ ሁለት ጊዜ የደረሰበት ሰው ግን «ጎበዝ ነህ» ሲባል «ግን» የምትለውን መጠበቅ ይጀምራል፣ ሙገሳውም ዋጋ ያጣል። ሙገሳ ለብቻው ይሰጥ፤ እሱም በሰዓትና በቃል የተወሰነ ይሁን።

ሞርኒንግ ላይ በሰው ፊት ማሸማቀቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ብዙዎቻችን በዚያ መንገድ ስላደግን ትምህርት ይመስለናል። ጉዳቱ የሚታየው በማግሥቱ ሌሊት ነው፦ «ይህን ሳታውቅ እንዴት ሐኪም ሆንክ?» የተባለው ኢንተርን የከበደ ሕመምተኛ ሲገጥመው ለሲኒየሩ አይደውልም። ቢደውል ነገ ጠዋት እንደገና መሳቂያ መሆን አለበት። የሕመምተኛው ዕድል በዚያች ሳይደወል በቀረች ስልክ ይወሰናል።

አሁን ወደ ኮቹ። የሐኪሙን የሥራ አፈጻጸም የሚፈርም ሰው ኮቹ ሊሆን አይችልም። ሥራ አስኪያጁም፣ የቅርብ አለቃውም ይቅሩ። ከሌላ ዲፓርትመንት ወይም ከሌላ ሆስፒታል የመጣ ይሻላል፤ አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ከሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ጋር ቢጣመር ለዚህ ይበቃል። የመጀመሪያው ግንኙነት በአካል ይሁን፤ ቀሪው መንገድ ሲዘጋም ሲርቅም በስልክ ይቻላል። ቪዲዮ አትሞክሩ፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግማሹ ሰዓት «ይሰማል?» ሲባባሉ ያልቃል። ኮች የግድ ሐኪም ይሁን የሚል ሕግም የለንም። ዓመታት ዋርድ የመራች ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ከስመ ጥር ቀዶ ሐኪም የተሻለች ኮች ልትሆን ትችላለች። ሐኪም የሠለጠነው ምልክት ሰምቶ በፍጥነት መድኃኒት ለማዘዝ ነው፤ ኮች ሲሆንም ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «እንደዚህ አድርግ» ብሎ ያዝዛል። ይህን ልማድ መተው ከሥልጠናው ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል ነው።

ስለዚህ የኮቾች ሥልጠና ሁለት ቀን ይሁን፣ አብዛኛውም ልምምድ። ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፦ አንዱ ኮች፣ አንዱ እውነተኛ ችግር ያለው ሐኪም፣ አንዱ ታዛቢ። 15 ደቂቃ ያውሩ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ታዛቢው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይቁጠር፤ ኮቹ ስንት ጊዜ ጠየቀ፣ ስንት ጊዜ መከረ። በመጀመሪያው ዙር ምክሩ ከጥያቄው ይበልጣል፤ በሦስተኛው መገላበጥ አለበት። «ለምን አላናገርካትም?» የምትለዋ እንደ ምክር ትቆጠር፤ ጥያቄ ትምሰል እንጂ ወቀሳ ናት።

አንድ የኮቺንግ ክፍለ ጊዜ 60 ደቂቃ ነው። አምስቱ ባለፈው ቃል ለተገባው ነገር፣ አሥሩ ለዛሬው ግብ፣ አሥራ አምስቱ ነገሩ አሁን እንዴት እንዳለ ለማየት፣ አሥራ አምስቱ ለአማራጮች፣ አሥሩ ማን ምን መቼ እንደሚያደርግ ለመወሰን፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ምን ሊያደናቅፈው እንደሚችል ለመጠየቅ። ግቡ ጠባብ ይሁን። «የአመራር ክህሎቴን ማሻሻል» ግብ አይባልም፣ ምኞት ነው። «ሞርኒንግን 2 ሰዓት ጀምሬ 2 ሰዓት ከ40 እጨርሳለሁ፤ በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ነርሶች እንዲናገሩ አደርጋለሁ» ግብ ነው፤ ሊቆጠር ይችላል። «በቀዶ ሕክምና ጊዜ በ19 ነጥቦች የተዘጋጀውን የዓለም ጤና ድርጅት የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር እኔ ራሴ ጮክ ብዬ አስነብባለሁ፤ ሁሉም ስሙንና ሥራውን ይናገራል» የሚለውም እንዲሁ።

ክፍለ ጊዜውን በብዛት የሚበላው እሮሮ ነው። መድኃኒት የለም፣ መብራት ይጠፋል፣ ውኃ ይቋረጣል፣ ጓንት አልቋል። ሁሉም እውነት ነው፤ ስለ እሱ ብቻ ከተወራ ግን ሐኪሙ ሰዓቱን ጨርሶ እንደገባ ይወጣል። ኮቹ ወረቀት መሐል ላይ መስመር አስምሮ «በእጅህ ያለው የቱ ነው፣ የሌለውስ?» ይበል። በግራ ያለው የሐኪሙ ሥራ ነው። በቀኝ ያለው፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ስም ሳይጠቀስ ተሰብስቦ በየሩብ ዓመቱ ወደ እናንተ ይምጣ። መልስ ስጡበት፤ «አይቻልም» የሚል መልስም መልስ ነው። ቀኙ ዓምድ ሁለት ጊዜ ያለ መልስ ከቀረ በሦስተኛው የሚሞላው ሰው አታገኙም።

ኮቹ ደግሞ ሐኪሙ ስለ ራሱ በሚነግረው ላይ ብቻ መተማመን የለበትም። በወር አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ሞርኒንግ ወይም ራውንድ (የዋርድ ጉብኝት) ላይ ይቁም፤ አይናገር፤ የሚባለውን ይጻፍ። ማን ስንት ጊዜ ተናገረ፣ ማን ተቋረጠ፣ ትእዛዙን የተቀበለው ሰው መልሶ ደገመው ወይ? «ሁሉንም አሳትፋለሁ» የሚል ሐኪም፣ በራውንዱ ነርሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደተናገረች በቁጥር ሲያይ መከራከር ይተዋል።

አብረውት የሚሠሩት ስለ ሐኪሙ የሚሞሉት የብዙ ወገን መጠይቅም ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። መላሾች ከ8 አይነሱ፣ ከ12ም ባይበልጡ ይሻላል፦ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጅ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ካርድ ክፍል፣ ጽዳት። ከ8 ካነሱ ማን ምን እንዳለ ይገመታል። በትንሽ ሆስፒታል የእጅ ጽሑፍ ሁሉም ይለያል፤ ስለዚህ መላሹ ምልክት ብቻ ያድርግ፣ የሚጻፈውን ደግሞ ከሆስፒታሉ ውጭ ያለ ሰው ይተይበው። በአማርኛ ይሁን። እንግሊዝኛ የሆነ እንደሆነ የጽዳት ሠራተኛዋ ነርሷን ታስሞላለች፤ የደረሳችሁ የነርሷ አስተያየት ይሆናል። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ አትበሉ፤ በይሉኝታ ሁሉም 5 ይሰጣል። «ባለፉት 4 ሳምንታት ሐኪሙ ያላወቀውን ነገር ሲጠይቅሽ ስንት ጊዜ አየሽ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሦስት ክፍት ጥያቄ ይጨመር፦ ምን ይቀጥል፣ ምን ይተው፣ ምን ይጀምር። ውጤቱን ሐኪሙ ብቻውን በኢሜይል አይቀበለው፤ ከኮቹ ጋር ተቀምጦ ያንብበው። ብቻውን የሚያነብ ሰው ከሃያ መልካም ቃል መካከል አንዷን ክፉ ለቅሞ፣ ማን እንደጻፋት ሲያስስ ያድራል። ለሴት ሐኪሞች የሚጻፈውን ደግሞ ለይታችሁ ተመልከቱ። «ቁጡ ናት»፣ «ድምፅዋ ይከብዳል» የሚሉ ቃላት ለወንድ ሲሆን «ቆራጥ» ተብለው ይጻፋሉ። ድርጊት የማይጠቅስ አስተያየት ከሪፖርቱ ይውጣ።

ሰዓቱን እንቁጠር። አንድ ኮች ከ4 ሐኪም በላይ አይያዝ። በወር ለአራቱ 4 ሰዓት ክፍለ ጊዜ፣ 2 ሰዓት ምልከታ፣ ኮቾች እርስ በርስ ለሚማማሩበት ስብሰባ 1 ሰዓት ተኩል፤ ድምሩ 7 ሰዓት ተኩል ነው። በሁለት ወር 15 ሰዓት፣ ማለትም ከማታ 11 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ያለች አንዲት ዱቲ። አበል ከመክፈል ይልቅ ለኮቹ በሁለት ወር አንድ ዱቲ ቀንሱለት። አበል ካለ ለአበሉ የሚመጣ ኮች ይበዛል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ውጤቱንም አናጋንን። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የማዮ ክሊኒክ ጥናት 88 ሐኪሞችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን በ5 ወር ውስጥ 6 የኮቺንግ ክፍለ ጊዜ፣ በድምሩ 3 ሰዓት ተኩል ሰጠ። ኮች ያገኙት የስሜት መዛል ቀነሰላቸው፤ ያላገኙት ትንሽ ባሰባቸው። በሥራ እርካታ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ጥናቱ በአሜሪካ የተደረገ ነው፤ የለካውም መዛልን እንጂ መምራትን አልነበረም። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚሠራው ምን እንደሆነ እዚሁ መቁጠር አለብን፦ መጠይቁ በመጀመሪያው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ለተመሳሳይ መላሾች ይሰጥ፤ ሲኒየር ከተጠራበት እስከ ደረሰበት ያለው ደቂቃ ይመዝገብ፤ በየወሩ ሲኒየር ስንት ጊዜ እንደተጠራም ይቆጠር። የጥሪው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ቢጨምር አትደንግጡ፤ ሳይደወል ይቀር የነበረው መደወል ጀመረ ማለት ነው።

የሚያፈርሰው ብዙ ነው፣ ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ። ኮች የሚመደበው ችግር ላለበት ሐኪም ብቻ ከሆነ «ኮች ተመደበለት» ማለት «ተቀጣ» ማለት ይሆናል፤ ስለዚህ ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ጀምሩ፣ እሱም መጠይቁ ምን እንዳሳየው አንዱን በራሱ አንደበት ሞርኒንግ ላይ ይናገር። ሁለተኛው ምሥጢር ነው። ኮቹና ሐኪሙ መጀመሪያ ቀን በአንድ ገጽ ይፈራረሙ፦ የተነጋገሩት ለሥራ አስኪያጅም ለቦርድም አይነገርም፤ ልዩነቱ ሕመምተኛን ወይም ራሱን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ከተሰማ ብቻ ነው፣ ያም ሲሆን ሐኪሙ አስቀድሞ ይነገረዋል። ከእናንተ አንዱ ኮቹን ሻይ ጋብዞ «ያ ልጅ እንዴት ነው?» ቢለው ሥራው በዚያው ቀን አበቃ። ሦስተኛው ዝውውር ነው፤ ሐኪሙ በአራተኛው ወር ሌላ ሆስፒታል ቢዛወር ኮቹ በስልክ ይከተለው፣ አዲስ ኮች አይፈለግለት።

ለሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ አጀንዳ አስይዙልን። በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር የምንፈልገው አጭር ነው፦ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለ6 ወር በአንድ አጠቃላይና በሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ይሞከር፤ በኮቺንግ የተገኘ ማንኛውም ወረቀት በሥራ አፈጻጸም ምዘና ፋይል ውስጥ አይገባም፤ ኮቾች በሁለት ወር አንድ ዱቲ ይቀነስላቸዋል። የሁለት ቀኑን ሥልጠና፣ የአማርኛውን መጠይቅና የአንድ ገጹን ስምምነት እኛ እናዘጋጃለን። ከእናንተ የምንፈልገው በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል ነው፤ የዳይሬክተሩ ቢሮ ግን አይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎጃም በሕክምና ትምህርትና በሆስፒታል አመራር ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችና ሜዲካል ዳይሬክተሮች
ለሜትሮን ቢሮዎች
ለኢንተርንና ለሬዚደንት ተወካዮች